ሁለት ድስት

በእኛ ሰፈር ሰው ሲታመም ምክንያት አይታጣም። ሐኪም ይታጣል፣ መድኃኒት ይታጣል፣ አንዳንዴም አስታማሚ ይታጣል፤ ምክንያት ግን ሞልቷል። አንዷ ምች ነው ትላለች፣ አንዷ ብርድ ነው ትላለች፣ አንዷ የሰው ዓይን ነው ብላ ትምላለች። የታየች የበኩር ልጅ አጥናፉ እግሩን የታመመ ጊዜ ይህን ሁሉ ሰምቻለሁ። እኔም ብርድ ነው ካሉት ወገን ነበርኩ። ምን ላድርግ፣ ጥጥ ፈታይ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁ።

ወለተ ማርያም እባላለሁ። ጉለሌ ተወልጄ፣ ጉለሌ ተድሬ፣ ጉለሌ ባሌን ቀብሬ፣ ይኸው ከሽሮ ሜዳ ወረድ ብሎ ባለው መንደር እንዝርቴን እያሾርኩ እኖራለሁ። ታየች ጎረቤቴ ናት። ቤታችንን የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ እሷ ወዲያ ሆና ስታስነጥስ እኔ ወዲህ ሆኜ «ይማርሽ» እላለሁ። እኔ የፈተልኩትን ልጆቿ ይሸምኑታል፣ ልጆቿ የሸመኑትን እሷ ሽሮ ሜዳ ወስዳ ትሸጠዋለች። ስለዚህ የማወራችሁን ያወቅሁት ሰምቼ ሳይሆን አይቼ ነው። ድምፄን ዝቅ ባደርግ ግን አትፍረዱብኝ፤ ጊዜው ጆሮ የበዛበት ነው።

ታየች የጨንቻ ሰው ናት። አንጁሎ የሚባል ሸማኔ ለመስቀል አገሩ ገብቶ ሲመለስ ሙሽራ አድርጎ ይዟት መጣ። ያኔ አማርኛ የሚባል አታውቅም። ሰፈሩ ሲስቅባት እሷም አብራ ትስቅ ነበር፤ የሚሳቀው በእሷ መሆኑን የነገርኳት እኔ ነኝ። አማርኛውንም ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ ስድቡን ጭምር። ስድቡን ግን ብዙም አልተጠቀመችበትም። ዝምተኛ ናት። ገበያ ላይ እንኳን ነጠላዋን ዘርግታ አንዴ ዋጋ ከጠራች በኋላ ፊቷን ወደ ሌላ ታዞራለች፤ ገዢው ይጨቃጨቃል፣ እሷ ሰማይ ታያለች። እንደዚህ ያለች ግትር ሴት በዕድሜዬ አላየሁም።

ባሏ አንጁሎ የሞተው በዚያ በክፉው ጊዜ፣ ሬሳ መንገድ ዳር በሚያድርበት ሰሞን ነው። በጥይት እንዳይመስላችሁ፤ በሳል ነው። የሰው ልጅ ሁሉ በጥይት ሲያልቅ በገዛ ሳሉ የሞተ ሰው ማን ዞር ብሎ ያየዋል? በወጉ እንኳን አልተለቀሰለትም። ታየች ሁለቱን ልጆቿን አጥናፉንና ስብሐትን ይዛ ቀረች። ጠዋት ስትነሳ የምታስበው፣ ማታ ስትተኛ የምትለምነው አንድ ነገር ሆነ፦ ሁለቱም ከዓይኗ እንዳይጠፉ። ጥጋብ አልለመነችም፣ ሀብት አልለመነችም። ልጆቼ በር ዘግቼ ስቆጥራቸው ሁለት ይሁኑልኝ፣ ሌላ አልፈልግም ትለኝ ነበር።

አጥናፉ ከልጅነቱ ጀምሮ ከአባቱ ጉድጓድ ገባ። የሸማኔ ጉድጓድ ያላያችሁ ካላችሁ፣ ቤት ውስጥ ከመሬቱ ተቆፍሮ ሸማኔው አፋፉ ላይ ይቀመጥና እግሮቹን ወደ ውስጥ ሰድዶ መርገጫውን ይረግጣል። ሰው ሲያየው እጁ የሚሠራ ይመስለዋል፤ ቀኑን ሙሉ የሚለፋው ግን እግሩ ነው። አጥናፉ ጎበዝ ነበር። ጎህ ሲቀድ የመርገጫውን ድምፅ በግድግዳው በኩል እሰማዋለሁ፤ እኔ የምነሳው በእሱ ነበር። ሲበላ ደግሞ አይጣል ነው! አጎንብሶ ሰሃኑን ካላጸዳ ቀና አይልም። ታናሹ ስብሐት ያን ጊዜ ዊንጌት አካባቢ ከአጎቱ ቤት ሆኖ ሙያውን ይማር ነበር፤ የሚበላውም የሚያድረውም እዚያው ነው።

ከዚያ ያ ሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት መጣ። ሰሜኑ በረሃብ ሲያልቅ እኛም እዚህ እህል ብርቅ ሆነብን። የቀበሌ ሱቅ በር ላይ ተሰልፎ መዋል ሥራ ሆነ። ታየች አንድ ቀን ከአዲሱ ገበያ በሸክም ስትመለስ ፊቷ ፈክቶ አየሁት። «ወለተ ማርያም፣ ርካሽ ክክ አገኘሁ» አለችኝ። የአተር ክክ ነው ብሎ ነው ነጋዴው የሸጠላት። በርበሬ ጨምራ አስፈጨችው። ዐቢይ ጾም ገብቶ ስለነበር ወተት የለ፣ ሥጋ የለ፣ ያው ሽሮ ነው፤ ጠዋት ሽሮ፣ ቀን ሽሮ፣ ማታ ሽሮ። ባለቀ ቁጥር ከዚያው ነጋዴ ትገዛለች። አብላጫውን የሚበላው አጥናፉ ነው፤ ለፋሲካ ነጠላ የሚያዝዘው ሰው ብዙ ስለሆነ ከጉድጓዱ አይወጣም ነበር።

በዓሉ ሲቃረብ አንድ ማለዳ የመርገጫው ድምፅ ቀረብኝ። ሄጄ ሳይ አጥናፉ በሩ ላይ ቆሟል፤ ባቱ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። «እግሬ ከበደኝ እትዬ» አለኝ እየሳቀ። ሁለት እርምጃ ሲራመድ ተረከዙ መሬት አይነካም። በጣቱ ነው የሚሄደው። «አንተ! ባለ ተረከዝ ጫማ ያደረግህ መሰልክ እኮ» ብዬ ቀለድኩበት። ሁላችንም ሳቅን። ሳምንት ሳይቆይ ጉልበቱና ጉልበቱ እየተጋጨ፣ አንዱ እግር በሌላው ፊት እየተጠላለፈ ሲሄድ ሳየው ሳቄ ደረቀ።

ያን ጊዜ ነው ምክንያት የዘነበው። የሸማኔዎቹ ሽማግሌዎች መጥተው ጉድጓዱን ጎንበስ ብለው አዩና በአንድ ድምፅ ፈረዱ፤ የጉድጓድ ብርድ ነው አሉ። እነሱ የሚያውቁት በሽታ እሱ ነዋ! ዕድሜያቸውን ሙሉ እግራቸውን ከመሬት ውስጥ ከትተው የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ የሸማኔ እግር ከታመመ ከጉድጓዱ ሌላ ምን ይጠረጥራሉ? የበግ ቆዳ አነጠፉበት። ፍም በሸክላ አድርገው ታች አስቀመጡለት። ለእናቱም አጥብቀው ነገሯት፤ ብርድን የሚያወጣ ትኩስ ነገር ነው፣ ወፍራም ሽሮ እያፈላሽ አብይው አሏት።

አበላችው። እግዜር ያሳያችሁ፣ የራሷን ድርሻ እየቀነሰች ነው ያበላችው። እየፈላ አውጥታ፣ እፍ እፍ እያለች፣ «ትንሽ ጨምርልኝ የኔ ጌታ፣ ይሙቅህ» እያለች በእጇ ታጎርሰው ነበር። እሱ ሲበላ እሷ ፊቱን እያየች ትጠግባለች። እግሩ ግን በበላ ቁጥር እየባሰበት ሄደ። እንጦጦ ጠበል ወሰዱት፤ ያን ዳገት በእግሩ ወጣ፣ ሲመለስ ሰው ትከሻ ላይ ነበር። ወጌሻ መጣ፣ አሸው፣ የተሰበረ የለም ብሎ ሄደ። እኔ በመጨረሻ ተቆጣሁ። «በቃ ሆስፒታል! ነገ ጠዋት! ካልወሰድሽው እኔ ጎትቼ እወስደዋለሁ» አልኳት።

ሆስፒታሉ ውስጥ ያየን ሐኪም ወጣት ነው፣ እንቅልፍ ያጣ ይመስላል። የአጥናፉን ጉልበት በትንሽ መዶሻ መታ መታ ሲያደርገው እግሩ ተፈናጠረ። ከዚያ ወደ ታየች ዞሮ «እናቴ፣ ቤት ውስጥ ምን ትመገባላችሁ?» አላት።

ታየች ተቆጣች። ድህነቷን የጠየቃት መሰላት። «ምን እንበላለን? ሰው የሚበላውን ነዋ!» አለችው።

«ልቆጣዎት አይደለም እናቴ። የወጡን እህል ትንሽ ያምጡልኝ።»

በማግስቱ ያልተፈጨውን ክክ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወሰደችለት። ሐኪሙ መዳፉ ላይ አፈሰሰው፣ በጣቱ አገላበጠው፣ ልጣጩ ያልለቀቀውን አንድ ፍሬ አንስቶ ወደ መስኮቱ ያዘው። «ይኼ አተር አይደለም። ጓያ ነው» አለ።

እኔ ስሙን አውቀዋለሁ። እናቴ የደምቢያ ሰው ነበረች፤ ጓያ የበላ ጎልማሳ ሽባ ሆኖ ሲድህ ማየቷን ትነግረን ነበር። እኔ ግን አዲስ አበባ ያደግሁ ሰው፣ ተከክቶ ሳየው ከአተር በምን ልለየው? ታየች ደግሞ ጭራሽ ስሙንም ሰምታ አታውቅም። በእነሱ አገር ቆጮ ነው፣ ገብስ ነው፤ ጓያ የሚባል አይዘሩም።

«እኔም በልቼዋለሁ። እኔን ለምን አልያዘኝም?» አለችው።

«ሁሉንም አይይዝም» አለ ሐኪሙ ረጋ ብሎ። «ይበልጡን የሚይዘው ወጣት ወንዶችን ነው። አብዝቶ የበላ፣ ሌላ ምግብ ያላገኘ፣ በዚያ ላይ ጉልበቱን የሚያደክም ሥራ ያለው ሰው ለወራት ሲበላው በጀርባ አጥንት ውስጥ ያለውን ነርቭ ይጎዳዋል። ልጅዎን ይህ ሁሉ ገጠመው።»

«መድኃኒቱ ምንድን ነው?»

«መድኃኒት የለውም እናቴ። ከዛሬ ጀምሮ ካቆመ አይብስበትም፤ እንዲህ እንዳለ በምርኩዝ እየሄደ ይኖራል። ከቀጠለ ግን መቆምም ያቅተዋል። ሌላ እህል ከጠፋና የግድ ከሆነባችሁ ደግሞ ዘፍዝፋችሁ ውሃውን ድፉት፣ ደጋግማችሁ፤ ከሌላ እህል ጋርም ቀላቅሉት።»

ስንመለስ አዲሱ ገበያ ስንደርስ ታየች መንገድ ዳር ቁጭ አለች። ሰዉ፣ አህያው፣ ታክሲው በአጠገቧ ያልፋል። «በእጄ ነው ያጎረስኩት» አለችኝ።  እኔም እጇን ይዤ አብሬያት ተቀመጥኩ።

ቤት የቀረውን ጓያ ሁሉ አውጥታ ገደል ደፋችው። የአጥናፉ በሽታ እንደተባለው ባለበት ቆመለት። አንድ ምርኩዝ ይዞ ግቢውን ይዞራል፣ ውጭ ፀሐይ ይሞቃል፣ ቤት ሆኖ ማጉን ለሽመና በቀሰም እንጨት ላይ ይጠቀልላል። መርገጫ መርገጥ ግን ቀረ። ስብሐት ከአጎቱ ቤት ተጠርቶ መጣና በወንድሙ ቦታ ተቀመጠ። የመርገጫው ድምፅ ተመለሰልኝ፤ እፎይ አልኩ፣ የሚበቃውን ያህል መከራ አየን ብዬ። አይ የኔ ነገር!

የብሔራዊ ውትድርና ነገር ሲጠነክር የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ አለማየሁ ሁለት ታጣቂ አስከትሎ መጣ። የፈለጉት አጥናፉን ነው፤ ዕድሜው ደርሷል። በምርኩዝ ሲወጣ ሲያዩት ሳቁበት።

«ትናንት ጤነኛ ነበር፣ ዛሬ ሰበብ አገኘ» አለ ጓድ አለማየሁ። «ምርኩዙን ጣል!»

ጣለው። «ሂድ!» አለው። አጥናፉ እግሩን እያጠላለፈ ጥቂት ሄዶ በግንባሩ ተደፋ። አንዱ ታጣቂ ባቱን በጫማው ገፋ አድርጎ አየው፤ እንጨት ነው። ጓድ አለማየሁ ፊቱን አጨማደደና «ተዉት፣ ይሄ ለምንም አይሆንም» ብሎ ወጣ። ከበሩ ሲደርስ ዞር አለና ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ የሚያየውን ስብሐትን አየው። «ያኛውስ ስንት ዓመቱ ነው?» አለ።

«ገና ልጅ ነው» አለች ታየች።

«ልጅ ያድጋል» ብሎ ሄደ።

እኔ ሮጬ አጥናፉን ከመሬት ሳነሳ ታየች አልረዳችኝም። በሩ ላይ ቆማ የልጇን እግር ታያለች። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ፊቷ ላይ ያየሁት ልቅሶ አልነበረም፤ ገበያ ላይ ልግዛ አልግዛ ብላ የምታመዛዝን ሴት ፊት ነበር። ምን እያሰበች እንደሆነ ግን ያኔ አላወቅሁትም።

ጥቂት ቆይቶ ስብሐት ዕድሜው ሊሞላ ሲል፣ ጠዋት እሳት ልለምን ገባሁና ደጇ ላይ ሰፌድ ላይ እህል ተሰጥቶ አገኘሁ። ያልተከካ፣ ሙሉ ፍሬ ነው። ማዕዘን ማዕዘን ያለው፣ አንድ ጎኑ እንደ መጥረቢያ የሾለ። አነሳሁት፣ አየሁት፣ እጄን ባፌ ጫንኩ።

«ታየች! ይኼ ምንድን ነው?»

«ታውቂው የለ» አለችኝ። ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም።

«ጓያ ነው! አሁንም ያ ሌባ ነጋዴ ሸጠልሽ? ምነው እቴ፣ አንዴ ያየሽው አይበቃም?»

«ነጋዴው አላታለለኝም። ስሙን ጠርቼ ነው የገዛሁት።»

ስብሐት ውሃ ሊቀዳ ወጥቷል፣ አጥናፉ መደቡ ላይ ተኝቷል፤ ጓዳ ውስጥ ምድጃው ላይ ሁለት ድስት ተጥዷል። አንዱ ትንሽ ነው፣ አንዱ ከፍ ያለ። ትንሹ የአጥናፉ የአተር ሽሮ ነው። ከፍ ያለው የማን እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ ገባኝ። 

«አብደሻል» አልኳት። «በመድኃኔ ዓለም አብደሻል! የገዛ ልጅሽን?»

ያን ጊዜ ቀና አለች። «እታች ያሉትን የእነ ብርቅነሽን ቤት አይተሻል? ጦር ሜዳ ከሄዱት ሦስት ልጆቿ አንድ ተመለሰላት። አጥናፉን ግን ማንም አልወሰደብኝም። ሲያዩት ትተውት ሄዱ። ሁለት ሽባ ልጅ ይኑረኝ ወለተ ማርያም፤ ሸክሜ ነው፣ እሸከማቸዋለሁ። እየሸጥኩም እየለመንኩም አበላቸዋለሁ። በሬን ስዘጋ ሁለት ይሁኑልኝ።»

«እሱንስ ጠየቅሽው? ስብሐትን?»

«ልጅ ነው። ጀግንነት ያምረዋል።»

«እና ሳያውቅ!»

«አንቺ ሴት ልጅ ነው ያለሽ፣ የሚወስድብሽ የለም» አለችኝ።   ለማን ልናገር? ቀበሌ ሄጄ ጎረቤቴ ልጇን ከግዳጅ ልታስቀር እግሩን እያሰናከለች ነው ብል፣ እሷን ወዴት እንደሚወስዷት እኔም አውቃለሁ፣ እናንተም ታውቃላችሁ። ስወጣ የእንጨት ገንዳ ውስጥ የተዘፈዘፈ ጓያ አየሁ። ውሃውን አልደፋችውም። በዚያው ውሃ ነው የምትቀቅለው።

ማታ ማታ እነሱ ቤት ዳቦና ሻይ ነው፤ ዋናው ምግብ ምሳ ነው። ታየች ጠዋት ገበያ ከመውጣቷ በፊት ለሁለቱም በየሰሃናቸው ጨልፋ፣ ከድና ከአጥናፉ መደብ አጠገብ አስቀምጣ ትሄዳለች። ባለ አበባው ሰሃን የአጥናፉ ነው፣ ነጩ የስብሐት። «ባለ አበባው የወንድምህ የሐኪም ምግብ ነው፣ እሱ ከነጩ እንዳይነካ» ብላ ስብሐትን አስጠንቅቃዋለች። ስብሐት ከጉድጓዱ ስለማይነሳ ምሳውን የሚያቀብለው አጥናፉ ነው። ማታ ስትመለስ የመጀመሪያ ሥራዋ ነጩን ሰሃን ማየት ነበር፤ ጥርግ ብሎ ተበልቶ ታገኘዋለች።

ከዚያ መጠበቅ ጀመረች። ስብሐት ሲነሳ፣ ሲቀመጥ፣ ውሃ ሊቀዳ ሲሄድ ተረከዙን ታያለች። እኔም ሳልወድ አብሬያት ማየት ጀመርኩ። ሰይጣን ይዞኝ ነው መሰለኝ፣ እንዝርቴን ትቼ የዚያን ልጅ እግር ስመለከት እውላለሁ። ስብሐት ግን እንደ ሰንጋ ነው! ዳገቱን እየዘለለ ይወጣል፣ ማታ ከጓደኞቹ ጋር ኳስ ይጫወታል። ያኛው አጥናፉ ነው የባሰበት። መጀመሪያ ሁለተኛ ምርኩዝ ያዘ። ቀጥሎ ደጅ መውጣት ተወ። ክረምቱ ሲያልቅ በእጁ እየተሳበ ከመደቡ እስከ በሩ መድረስ እንኳን አቃተው።

«ሐኪሙ ካቆመ አይብስም ብሎ አልነበር?» አልኳት።

«ውሸታም ነው» አለች ታየች። «ያቆመው ባሰበት፣ የሚበላው ደህና ነው። እነሱ ምን ያውቃሉ!» በዓይኗ ግን የሆነ ፍርሃት አየሁ። ትልቁን ድስት በሌላ ትልቅ ቀየረችው። ለስብሐት ጨምራ ጨለፈች። አጥናፉን አንድ ቀን ብቻውን አግኝቼ «አንተ ልጅ፣ ምን እየሆንክ ነው?» ብለው፣ ቀሰሙን እየጠቀለለ «ደህና ነኝ እትዬ፣ እርስዎ አይጨነቁ» አለኝ። ፊቱ ከስቷል፤ እኔን ግን ሊያጽናናኝ ይሞክራል። 

ስብሐትን የወሰዱት መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። ረፋዱ ላይ መጡ። ጓድ አለማየሁ ቤቱ ውስጥ ብዙም አልቆየም፤ ከጉድጓዱ ውጣ አለው፣ ወጣ፣ ይዘውት ሄዱ። እኔ ሽሮ ሜዳ ሮጬ ታየችን ጠራኋት። ነጠላዎቿን መሬት ላይ እንደተዘረጉ ትታ ነው የተነሳችው።

የቀበሌው ግቢ በልጆችና በእናቶች ተሞልቷል። ታየች ሰዉን እየገፋች ገብታ ከጓድ አለማየሁ እግር ሥር ወደቀች። «ጌታዬ፣ የሚታመም ልጅ ነው! የወንድሙ በሽታ አለበት! እግሩ ጤነኛ አይደለም!»

ስብሐት ከሰልፉ ውስጥ ሆኖ ሰማት። ፊቱ ቀላ፤ በሰው ሁሉ ፊት አፈረ። «እማዬ፣ ምን ትያለሽ? ምንም የለብኝም!» አለ።

«እስቲ እናያለን» አለ ጓድ አለማየሁ። «ሩጥ!»

ስብሐት ሮጠ። ከግቢው በር እስከ ባንዲራው እንጨት፣ ከዚያ ተመልሶ ደግሞ እንደገና። ተረከዙ መሬቱን ይመታል፣ ጉልበቱ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። እናቱን እንዳያሳፍራት ብሎ ጭምር ነው የሚሮጠው፤ ሲጨርስ እየሳቀ ነበር። ታጣቂዎቹም ሳቁ። «ይሄን ነው ታማሚ የምትይው?» አሏት። ታየች ከወደቀችበት ሆና የልጇን እግር ብቻ ታያለች። ከሰዓት በኋላ በመኪና ጭነዋቸው ሄዱ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ስብሐትን አላየነውም፣ ወሬውንም አልሰማንም።

ደግፌ ቤቷ አስገባኋት። አጥናፉ መደቡ ላይ ተቀምጧል። አላለቀሰም። እናቱ ከፊቱ ቆማ ለራሷ እንደምትናገር «በልቷል። ሁልጊዜ በልቷል። ሰሃኑን በዓይኔ አይቻለሁ» አለች።

«እማዬ» አለ አጥናፉ። «የበላሁት እኔ ነኝ።»

ታየች አልገባትም። እኔ ግን ገባኝ።

«ምን አልክ?»

«የነጩን ሰሃን ወጥ የምበላው እኔ ነኝ። አንቺ ገበያ ስትወጪ ወጡን አገላብጠዋለሁ። የእኔን ለእሱ እሰጠዋለሁ። እሱ ምንም አያውቅም።» ቀጠለና «ያን ጠዋት ከእትዬ ጋር ስትጣሉ ተኝቼ አልነበረም፤ ሰምቻለሁ» አለ።

«ታዲያ ለምን አልደፋኸውም የኔ ልጅ?» አልኩት። «ለምን አንተ ትበላዋለህ?»

«እህል እንዴት ይደፋል እትዬ? ሰው በረሃብ እያለቀ? ደግሞ ውጭ ለመድፋት የት ሄጄ፣ በምን እግሬ? ሰሃኑ ካልጸዳ ታውቃለች። እኔን ከዚህ በላይ ምን ያደርገኛል ብዬ ነው።»

«ገደልከው!» ብላ ጮኸች ታየች። ያን ድምፅ ከእሷ ሰምቼ አላውቅም። «ወንድምህን ገደልከው! እኔ ላተርፈው አንተ ገደልከው!»

«የብርቅነሽ አንዱ ልጅ ከጦርነት ተመልሷል እማዬ» አለ አጥናፉ። ድምፁ አልከፋም፤ ያሰበበት ነገር ነው። «ከዚህ ግን የሚመለስ የለም። በኔ አየሁት እኮ። ስብሐት እንዲህ ሆኖ ከመደብ ላይ እያየኝ፣ እኔ እሱን እያየሁት፣ ስንት ዓመት ልንኖር ነው? ሳትጠይቂው። እኔንም ሳትጠይቂኝ።»

ታየች ጥግ የቆመውን ምርኩዙን ብድግ አድርጋ በሁለት እጇ አነሳችው።  አጥናፉ ግን ንቅንቅ አላለም። እንዴት ይነቃነቃል? እጁን እንኳን ወደ ራሱ አላነሳም። ቀና ብሎ አያት፣ እሷም አየችው፤ ከዚያ ወደ ታች፣ ከመደቡ ወደ ተንጠለጠሉት ሁለት እግሮቹ አየች። ምርኩዙ ከእጇ ወደቀ።

ተንበርክካ እግሩን ያዘችው። የደረቀውን ባቱን በሁለት መዳፏ ይዛ ታሸው ጀመር፤ ሐኪሙ መድኃኒት የለውም ያላትን እያወቀች።

«ያምሃል?» አለችው።

«አያምም እማዬ» አለ። «ግን አልታዘዝ ብሎኛል።»

እሷ ማሸቷን አላቆመችም። እኔም በሩን ዘግቼላቸው ወጣሁ።